ሕግ ያልቻለውን ሰንጠረዥ ቻለው

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 32 ላይ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ የራሱ መጠሪያ ስም እና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል። በአስተዳደር ሰነዶች ላይም የቤተ ዘመድ ስሙ ቀድሞ እንዲጻፍ ያዛል። የቤተ ዘመድ ስም ማለት ከአያት ለአባት፣ ከአባት ለልጅ ሳይለወጥ የሚወረስ የቤተሰብ መጠሪያ ነው። የሕጉ አርቃቂ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፤ እሳቸው ባደጉበት አገር የስም ሥርዓቱ እንዲህ ነው።

ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም። ማንም ሰልፍ አልወጣም፣ ማንም አልተቃወመም፤ ዝም ብሎ እንደ ቀድሞው ኖረ። ከ60 ዓመት በላይ አልፎም አበበ የከበደ ልጅ ነው፤ የአበበ ልጅ ደግሞ «አበበ» የሚለውን እንጂ «ከበደ» የሚለውን ሁለተኛ ስሙ አያደርግም። በንጉሠ ነገሥት የታወጀ ሕግ ስማችንን መለወጥ አልቻለም።

ዛሬ ግን ባንክ ሄዳችሁ ቅጽ ስትሞሉ፣ በስልካችሁ መተግበሪያ ስታወርዱ፣ ለሥራ በኦንላይን ስታመለክቱ «ላስት ኔም» ትጠየቃላችሁ። ሳትሞሉ ማለፍም አትችሉም። አንዳንዱ የአባቱን፣ አንዳንዱ የአያቱን ስም ይጽፋል። ሕጉ በ60 ዓመት ያላገኘውን ታዛዥነት አንዲት ባዶ ሳጥን በጥቂት ዓመታት አገኘችው። አዋጅ አልወጣላትም፣ በምክር ቤት አልተከራከሩባትም፣ በነጋሪት ጋዜጣ አልታተመችም።

ይህ ጽሑፍ ያቺ ሳጥን ከየት እንደምትመጣ ነው። ቴክኒካዊ ነገር ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ነገሩ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

*ሳጥኗ ከየት መጣች?*

ዳታቤዝ ማለት በአጭሩ መዝገብ ቤት ነው። በውስጡ ሰንጠረዦች አሉ፤ እያንዳንዱ ሰንጠረዥ እንደ ትልቅ መዝገብ በዓምድ የተከፋፈለ ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ስልክ፣ እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ዓምድ ምን ዓይነት ነገር እንደሚቀበል (ፊደል ነው፣ ቁጥር ነው፣ ቀን ነው)፣ ስንት ፊደል እንደሚይዝ፣ ባዶ መተው እንደሚቻል ወይም እንደማይቻል አስቀድሞ ይወሰናል።

በመስኮቱ የምታናግሯት ሠራተኛ ወደ መዝገብ ቤቱ ራሷ አትገባም። ተላላኪ ትልካለች፤ «የእገሌን ፋይል አምጣ»፣ «ይህን መዝግብ» ትለዋለች። በሶፍትዌር ውስጥ ይህን የተላላኪነት ሥራ የሚሠራው ኮድ «ዳታ አክሰስ ክላስ» ይባላል። ተላላኪው የሚያውቀው በመዝገቡ ላይ ያሉትን ዓምዶች ብቻ ነው። የሌለ ዓምድ ብትጠይቁት አያውቀውም፤ ባዶ መሆን የለበትም የተባለውን ባዶ ብታስይዙት ይዞት ይመለሳል።

እነዚህን ተላላኪዎች በእጅ መጻፍ አሰልቺ ሥራ ነው። መቶ ሰንጠረዥ ያለው መሥሪያ ቤት ቢያንስ መቶ ክላስ ይፈልጋል፣ እያንዳንዱም ከቀዳሚው ጋር ሊመሳሰል ምንም አይቀረው። ስለዚህ ፕሮግራመሮች ይህን የሚሠራላቸው መሣሪያ ከሠሩ ቆይተዋል። መሣሪያው ሰንጠረዡን ያነብባል፣ ከዚያ ኮዱን ራሱ ይጽፋል። የማይክሮሶፍቱ ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ይህን ያደርጋል፤ በጃቫ የሃይበርኔት መሣሪያዎች ያደርጉታል፤ በፓይተን የሚሠራው ጃንጎም ነባር ሰንጠረዦችን አንብቦ ኮድ የሚያወጣ ትእዛዝ አለው። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል፤ ሰንጠረዡን ስትሰጡት ተላላኪውን ብቻ ሳይሆን ቅጹንም፣ ሪፖርቱንም፣ የስልክ መተግበሪያውንም ይጽፍላችኋል።

እኔ ይህን አልቃወምም። ሰው በእጁ ሲጽፍ ይደክመዋል፣ ዓምድ ይዘልላል፣ ስም ያሳስታል። መሣሪያው አይደክመውም። ያለውን እንዳለ ይገለብጣል።

ችግሩ ግን እዚያው ላይ ነው፤ ያለውን እንዳለ ይገለብጣል። ሰንጠረዡ ላይ «ላስት ኔም፣ ባዶ መሆን አይችልም» ተብሎ ከተጻፈ፣ ክላሱ ላይ ግዴታ ይሆናል፣ ቅጹ ላይ ቀይ ኮከብ ይሆናል፣ መስኮቱ ላይ ደግሞ «ሲስተሙ አይቀበልም» የሚል ቃል ሆኖ ይወጣል። አንድ ሰው በአንድ ከሰዓት የወሰነው ነገር እስከ ቀበሌ መስኮት ድረስ ማንም ሳይጠይቀው ይወርዳል።

ሦስት ዓምዶችን እንይ።

*የመጀመሪያው፦ ስም*

ከበደ ተስፋዬ ወልዴ የሚባል አባት አለ እንበል። ልጁ አበበ ከበደ ተስፋዬ ይባላል። ሚስቱ በትዳር ስሟን አልቀየረችም፤ በእኛ አገር ወግ አትቀይርም። «ላስት ኔም» የአያት ስም ነው በተባለበት ሰንጠረዥ ውስጥ አባት «ወልዴ»፣ ልጅ «ተስፋዬ»፣ እናት ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ናት። ሰንጠረዡ የሚያየው ሦስት የማይዛመዱ ሰዎችን ነው። እኛ ግን ሦስቱን ስሞች ስንሰማ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ወዲያው እናውቃለን። የእኛ የስም አጠራር ዝምድናን የሚናገር ነው፤ የተጠፋፋው ወደ ሰንጠረዡ ሲገባ ነው።

ይህ በውጭ ያሉ ወገኖቻችን በየቀኑ የሚኖሩት ነገር ነው። ቀድሞ አሜሪካ የገባ ወንድም የአባቱን ስም መጨረሻ አድርጎ፣ ዘግይታ የመጣች እህቱ የአያቷን ስም አድርጋ ከተመዘገቡ፣ በወረቀት ላይ ባዕድ ናቸው። ያንን ዝምድና ለማስረዳት ሌላ ወረቀት፣ ሌላ ምስክር፣ ሌላ ወጪ ያስፈልጋል። ፓስፖርቱ ላይ አንድ ስም ብቻ ላለው ሰው ደግሞ የአሜሪካ ቪዛ በመጠሪያ ስሙ ቦታ «ኤፍኤንዩ» ብሎ ይጽፍበታል፤ «መጠሪያ ስሙ ያልታወቀ» ማለት ነው። ሰውየው ስሙን ተናግሯል፤ ያላወቀው ሰንጠረዡ ነው።

እዚህ አገር የሚሠሩ ሶፍትዌሮች ይህን ለምን ይደግማሉ? ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ክፋት አይደለም። ጃንጎን እንውሰድ። ብዙ ወጣት ፕሮግራመሮቻችን የሚማሩበት ነው። ገና ስትጭኑት አብሮት የሚመጣው የተጠቃሚዎች ሰንጠረዥ «ፈርስት ኔም» እና «ላስት ኔም» የሚሉ ዓምዶች አሉት። ፕሮግራመሩ ምንም ሳይወስን ውሳኔው ተወስኖ ይጠብቀዋል። ሬኔ ዳቪድ ቢያንስ ረቂቃቸው ለውይይት ቀርቦ ነበር፤ ይህኛው ግን ተጭኖ ይመጣል።

*ሁለተኛው፦ የትውልድ ቀን*

የዳታቤዝ የቀን ዓምድ የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ነው። ጳጉሜን አያውቅም። ጳጉሜን 3 የተወለደ ሰው 13ኛ ወር ብሎ ቢያስገባ ይመለስበታል። ጥቅምት ሁለተኛው ወራችን ስለሆነ ጥቅምት 30 የተወለደም «30/02» ሲል ይመለስበታል፤ ለሰንጠረዡ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም። ጸሐፊዋ ወረፋው ረዝሞባት ወይ 28 ትለዋለች ወይ መስከረም 1 ትለዋለች። ሰውየው አዲስ የልደት ቀን ተሰጥቶት ይወጣል።

የሚመለሰው ግን ይሻላል፤ የባሰው ዝም ብሎ የሚገባው ነው። የካቲት 30 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደችን ልጅ «30/06/1985» ብላችሁ አስገቡ። ሰንጠረዡ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይቀበላል፤ ጁን 30 ቀን 1985 ብሎ። የልጅቷ ትክክለኛ ቀን በአውሮፓውያኑ ማርች 9 ቀን 1993 ነበር። በአንዲት የመዝገብ ጠቅታ ወደ 8 ዓመት አረጀች። ይህ ቁጥር ወደ ጡረታ መዝገብ ሲሻገር፣ 60 ዓመት ሞልቷታል ተብላ በ52 ዓመቷ መሰናበት ማለት ነው። ወደ ትምህርት ቤት መዝገብ ሲሻገር ደግሞ ዕድሜው ያለፈ ተማሪ ማለት ነው።

ቀኑን ጭራሹን የማያውቀውስ? የገጠር እናት «የተወለደው በቡሄ ሰሞን ነው» ትላለች። እውነተኛ መረጃ ነው፤ ግን ለእሱ ዓምድ የለም፤ ባዶ መተውም አይፈቀድም። በአሜሪካና በአውሮፓ ጃንዋሪ 1 የተወለዱ የሚመስሉ ስደተኞች የበዙት በዚህ ምክንያት ነው። «አላውቅም» የሚል መልስ ያልተፈቀደበት መዝገብ ሰዎችን እንዲዋሹ ያስገድዳል። ከዚያ በኋላ ያ ውሸት በማኅተም ይጸድቃል፤ ቆይቶ ሌላ መሥሪያ ቤት ሌላ ቀን ሲያገኝ «ማስረጃህ ተምታቷል» ይባላል።

የእኛ አዋጆች ራሳቸው ምሳሌ ይሆናሉ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ በአማርኛ 1284/2015 ነው፤ በእንግሊዝኛ 1284/2023 ነው። አንድ አዋጅ ነው። እኛ ይህን ስለምናውቅ አንሳሳትም። ማን እንደሆነ የማይጠይቅ፣ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የሚናገር ዓምድ የሌለው ሰንጠረዥ ግን ሁለት አዋጅ ያደርገዋል።

*ሦስተኛው፦ ፊደል*

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ «ኮምፒውተር አማርኛ አይችልም» የሚለው ሰበብ ካበቃ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ በብዙ ሰንጠረዦች ላይ ፊደላችን ዛሬም ይቸገራል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በተለመደው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ቦታ ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ኦራክል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ የስም ዓምድ 20 ሲባል፣ ሌላ ነገር ካልተገለጸ 20 ባይት ማለት ነው። 20 የእንግሊዝኛ ፊደል ይበቃዋል፤ ከአማርኛ ግን 6 ፊደል ብቻ። «ገብረመድኅን» 7 ፊደል ነው፤ 21 ባይት። አይገባም። በማይክሮሶፍቱ ዳታቤዝ ደግሞ የዓምዱ ዓይነት በስህተት ከተመረጠ ስማችሁ በጥያቄ ምልክት ተተክቶ «????» ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ፍለጋውም ሌላ ጣጣ ነው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም የመጀመሪያዋን ፊደል በ6 መንገድ (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ)፣ ሥን በ2፣ አንድ ላይ ወይም ለያይቶ በ2 መንገድ መጻፍ ይቻላል። 24 አጻጻፍ ነው። ለጆሯችን አንድ ስም ነው፣ ለሰንጠረዡ 24 ሰው። መዝገቡ ውስጥ ያላችሁ ሆናችሁ «የሉም» የምትባሉት አንዳንድ ጊዜ በዚህ ነው።

*«ኮዱ ላይ ይስተካከላል»*

ይህን ለባለሙያ ስታነሱ የምታገኙት መልስ «ኮዱ ላይ እናስተካክለዋለን» የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። ነገር ግን ኮዱ ከሰንጠረዡ በመሣሪያ የሚወጣ ከሆነ፣ ዛሬ በእጅ ያስተካከሉት ነገ መሣሪያው እንደገና ሲሠራ ይደመሰሳል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ማስተካከያቸውን መሣሪያው በማይነካው የተለየ ፋይል ያስቀምጣሉ። ይህም ቢሆን ለአንድ መተግበሪያ ነው። ያንኑ ሰንጠረዥ የሚያነብብ ሌላ መተግበሪያ፣ ሌላ ተቋራጭ የሠራው ሪፖርት፣ ሌላ መሥሪያ ቤት የሚወስደው መረጃ ሁሉ ከጥንቱ ስህተት ጋር ይቀጥላሉ።

በአንጻሩ ሰንጠረዡ ከተስተካከለ መሣሪያው ለእኛ ይሠራል። ዓምዱን «ሙሉ ስም» አድርጉት፤ ክላሱ ይቀየራል፣ ቅጹ ይቀየራል። የትውልድ ቀን ዓምዱ ጎን «አቆጣጠር» እና «እርግጠኛነት» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ጨምሩ፤ ጸሐፊዋ መዋሸቷን ታቆማለች። ስህተትን በታማኝነት የሚያባዛው መሣሪያ ትክክሉንም በዚያው ታማኝነት ያባዛል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ጋ ነው፤ ሰንጠረዡ ላይ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ማስተካከያ፣ ሚሊዮን ሰው ከተመዘገበበት በኋላ የዓመታት ሥራ ይሆናል።

*ለምን አሁን?*

ፋይዳ እየተስፋፋ ነው። ባንኮች ሒሳባችንን ከፋይዳ ጋር እያስተሳሰሩ ነው። ፍትሐዊ ለመሆን፣ የፋይዳ ካርድ ላይ ስማችን «ሙሉ ስም» በሚል በአንድ መስመር፣ የትውልድ ቀናችንም በሁለቱም አቆጣጠር ሰፍሮ እናያለን። አንድ ሰው ሰንጠረዡን አስቦበታል ማለት ነው፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ፋይዳ የሚገናኘው ከሌሎች መዝገቦች ጋር ነው። በአንደኛው በኩል «ሙሉ ስም»፣ በሌላኛው በኩል «ፈርስትና ላስት» ካለ፣ መካከል ላይ የሚወድቀው ባለጉዳዩ ነው። «ስምዎ አልተመሳሰለም፤ አስተካክለው ይምጡ» ይባላል። ስሙ ግን እናትና አባቱ ያወጡለት ያው ስም ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ኮድ መጻፍ እየረከሰ መምጣቱ ነው። መንግሥት «5 ሚሊዮን ኮደሮች» ብሎ ወጣቱን እያሠለጠነ ነው፤ መልካም ነው። ግን ኮዱን ማሽን መጻፍ ከጀመረ፣ ለሰው የሚቀረው ትልቁ ሥራ ዓምዶቹን መወሰን ነው። ይህ ደግሞ ከፕሮግራመር ይልቅ 30 ዓመት መዝገብ ቤት የሠሩ እናት የተሻለ የሚያውቁት ሥራ ነው። ስንት ሰው ሁለት ስም እንዳለው፣ ማን በክርስትና ስሙ እንደሚመጣ፣ የማን አባት እንደማይታወቅ እሳቸው ያውቃሉ። ሶፍትዌር ሲገዛ ግን ስብሰባው ላይ አይጠሩም።

*ምን ይደረግ?*

ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ ሕዝብ የሚመዘገብበት ማንኛውም የመንግሥት ሶፍትዌር ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የዓምዶቹ ዝርዝር ይታተም። የሰዎች መረጃ አላልኩም፤ ባዶው ሰንጠረዥ። ምን እንደሚጠየቅ፣ ምኑ ግዴታ እንደሆነ፣ ስንት ፊደል እንደሚይዝ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባን ለመደንገግ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቷል፤ በምክር ቤት አልፏል። አዋጁን በተግባር የሚተረጉመው ሰንጠረዥ ግን በተቋራጩ ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ርክክብ ከመፈጸሙ በፊት አምስት ሰው ይመዝገብበት፤ ጳጉሜን የተወለደ፣ የልደት ቀኑን የማያውቅ፣ አንድ ስም ብቻ ያለው፣ «ገብረመድኅን» የሚባል፣ እና የአባቱ ስም የማይታወቅ። አምስቱም ሳይዋሹ ከተመዘገቡ ሶፍትዌሩን ተረከቡ። ካልሆነ መልሱት። ይህ ፈተና ከግማሽ ቀን አይበልጥም።

ሦስተኛ፣ ውሉ ላይ ሰንጠረዡን የመለወጥ መብት የመሥሪያ ቤቱ ይሁን። ሶፍትዌሩን ገዝቶ አንድ ዓምድ ለማስጨመር ተቋራጩን የሚለምን ተቋም መዝገብ ቤቱን ተከራይቷል እንጂ አልገዛም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተሳሳተ መረጃን የማስተካከል መብት ሰጥቶናል። ትክክለኛው መረጃ የሚገባበት ዓምድ ከሌለ ግን ያ መብት የት ይጻፋል?

«ዝርዝሩን ማተም ለአጥቂ በር መክፈት ነው» የሚሉ አሉ። ስጋቱን አልንቅም። ግን እያንዳንዱ ባለጉዳይ ቅጹን ሲሞላ የሚያየውን ነገር መደበቅ ጥበቃ አይደለም። ፋይዳ የተገነባበት ሞሲፕ የተባለው ሥርዓት ራሱ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ ሞሮኮና ፊሊፒንስም ይጠቀሙበታል። የሚጠበቀው ቁልፉና የሰው መረጃው ነው።

«ዓለም ላስት ኔም ይጠይቀናል፣ ምን እናድርግ?» የሚሉም አሉ። አይስላንዳውያን እንደኛ በአባት ስም የሚጠሩ ናቸው፤ የስልክ ማውጫቸውን የሚደረድሩት በራስ ስም ነው፤ ዓለምም ተቀብሏቸዋል። ዓለም አቀፉ የፓስፖርት ደንብ ራሱ ስም ለሁለት መከፈል የማይችል ከሆነ ሙሉውን በአንድ ቦታ ማስፈርን ይፈቅዳል። ለአየር መንገድ ቲኬት የሚያስፈልገውን አጻጻፍ ከሙሉ ስሙ ማውጣት ይቻላል። ከተቆራረጠ ስም ሙሉውን መመለስ ግን ሁልጊዜ አይቻልም። ስለዚህ ዋናው መዝገብ የሰውየው ትክክለኛ ስም ይሁን፤ ለውጭው ዓለም የሚሆነው ቅጂው ይሁን።

በሚቀጥለው ጊዜ መስኮት ላይ «ሲስተሙ አይቀበልም» ስትባሉ ጸሐፊዋን አትቆጧት፤ እሷም እንደናንተ የታዘዘች ናት። ግን አንድ ነገር ጠይቁ፦ የትኛው ዓምድ ነው? ማን ወሰነው? መልሱን የሚያውቅ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ከጠፋ፣ እናንተን የሚያስተዳድር፣ ማንም ያላጸደቀው ሕግ አግኝታችኋል ማለት ነው።